ማይክሮፎኑ ቢወሰድባቸው ብዕራቸውን ያነሡ ጋዜጠኛ

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ራዲዮ የሚባል መሣሪያ ገና ሳይታሰብ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌው ለዚሁ መሣሪያ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። በራዲዮ ወይም በቴሌቪዥን የሚናገር ጋዜጠኛ ቃሉ በአንድ ቅጽበት ለሚሊዮን ጆሮ ይደርሳል፤ ሰዓቱ ባለቀ ጊዜ ግን ቃሉም አብሮ ያልፋል። ከዚህም ሌላ ያ ሰዓት የጋዜጠኛው ንብረት አይደለም። ሰዓቱ የጣቢያው ነው፤ ጣቢያውም በበኩሉ ገንዘብ የሚከፍለውን ነጋዴ ወይም ፈቃድ የሚሰጠውን መንግሥት እያየ የሚኖር ነው። እንግዲህ እውነቱን ለመናገር የተነሣ ሰው ማይክሮፎኑ በተወሰደበት ቀን ምን ይቀረዋል?

ይህን ጥያቄ ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2025 በአሜሪካ በታላላቅ የዜና ማሠራጫዎች ላይ የደረሰው ሁሉ ይኸው ጥያቄ ገና መልስ ያላገኘ መሆኑን አሳይቶናል። ነገሩን በሚገባ ለመረዳት ግን የዛሬውን ወሬ ብቻ መከታተል አይበቃም። ስለዚህ በዚህ እሑድ የአንድ የራዲዮ ጋዜጠኛና ደራሲ የሕይወት ሥራ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ አስበናል። እኚህ ሰው ሚስተር ዊልያም ሻይረር ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች፣ ሌላ ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቺካጎ እስከ በርሊን

ሚስተር ሻይረር በ1904 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ ልጃቸው ሳያድጉ ስለ ሞቱ ቤተ ሰቡ ወደ አይዋ ክፍለ አገር ሄደ። ወጣቱ ሻይረር በዚያ በሚገኝ አነስተኛ ኮሌጅ ትምህርታቸውን በ1925 ከፈጸሙ በኋላ፣ ከብት በሚጭን መርከብ ላይ የጉልበት ሥራ ይዘው አትላንቲክን ተሻገሩ። አሳባቸው ክረምቱን በአውሮፓ አሳልፈው ለመመለስ ነበር። ነገር ግን በፓሪስ በአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ሥራ ስላገኙ፣ ለአንድ ክረምት የታሰበው ጉዞ ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ተራዘመ።

በእነዚያ ዓመቶች ውስጥ ብዙ አይተዋል። በ1930 እና በ1931 ወደ ህንድ ሄደው ከማኅተመ ጋንዲ ጋር ተዋወቁ። በ1932 በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ በደረሰባቸው አደጋ የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን አጡ፤ በዚያው ዓመትም ከሥራ ተሰናበቱ። በ1934 ደግሞ ለአንድ የዜና አገልግሎት ወሬ ለመላክ በርሊን ገቡ። ሂትለር ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነበር።

ኦክቶበር 3 ቀን 1935 የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ሲወር ሚስተር ሻይረር የነበሩት በዚያው በበርሊን ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የዚያን ዘመን ታሪክ የምናውቀው ከማይጨውና ከጄኔቭ በኩል ነው። እርሳቸው ግን ከሦስተኛ ወገን፣ ከሂትለር ደጃፍ ላይ ቆመው ይመለከቱት ነበር። የጀርመኑ መሪ ዓይኑን የጣለው በኢጣልያ ጦር ላይ ሳይሆን፣ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ወራሪውን ምን ያደርገው ይሆን በሚለው ላይ ነበር። ማኅበሩ እንደ ፈራ ባየ ጊዜ፣ ማርች 7 ቀን 1936 ወታደሮቹን ጦር እንዳይገባበት በውል ወደ ተከለከለው ወደ ራይንላንድ አዘመተ። ሁለት ወር ሳይሞላም አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች። ሚስተር ሻይረር ከብዙ ዓመት በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያን ጉዳይ ሂትለርን ካደፋፈሩት ነገሮች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል።

የቪየናው ሌሊት

በ1937 ክረምት ሚስተር ሻይረር የሚሠሩበት የዜና አገልግሎት ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ሲ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የአሜሪካ የራዲዮ ኩባንያ በአውሮፓ የሾማቸው ወጣቱ ሚስተር ኤድዋርድ መሮው ለሥራ ፈለጉዋቸው። ለፈተና በማይክሮፎን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጭንና ደረቅ ሆኖ ስለ ተገኘ የኒውዮርክ አለቆች አልወደዱትም ነበር። ሚስተር መሮው ግን የፈለጉት ድምፀ መልካም ሰው ሳይሆን የሚያየውን ነገር የሚያውቅ ሰው ነበርና ሥራውን ሰጧቸው።

ዛሬ የሚያስገርመን ነገር፣ በዚያን ጊዜ እነዚህ ሁለት ሰዎች ራሳቸው ዜና እንዲናገሩ የማይፈቀድላቸው መሆኑ ነው። ሥራቸው ሌላውን ተናጋሪ መጋበዝና የመዝሙር ጓዶችን ማዘጋጀት ነበር። ሂትለር ኦስትሪያን ሊውጥ በተዘጋጀበት ሳምንት እንኳ ሚስተር ሻይረር የልጆች መዝሙር በራዲዮ ለማሰማት ወደ ዩጎዝላቪያ ተልከው ነበር።

ማርች 11 ቀን 1938 ወደ ቪየና ሲመለሱ ከተማዪቱ በናዚዎች እጅ ስትገባ በዓይናቸው አዩ። ባለቤታቸው በቅርቡ ወልደው ገና ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሚስተር ሻይረር በእጃቸው ዓለም የሚፈልገውን ወሬ ይዘው ወደ ራዲዮ ጣቢያው ቢሮጡ፣ ጠመንጃ የያዙ ናዚዎች በሩን ዘጉባቸው። በሚስተር መሮው ምክር በአውሮፕላን ወደ ለንደን በረሩና ያዩትን ሁሉ ሳንሱር በሌለበት ተናገሩ። በማግሥቱ፣ ማርች 13 ቀን፣ ኒውዮርክ የአውሮፓን ታላላቅ ከተሞች በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አገናኝታችሁ አሰሙን ስትል አዘዘች። የተሰጣቸው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቀኑም እሑድ ስለ ነበረ የሚፈለገው የቴሌፎን መሐንዲስ ሁሉ ከቢሮው ወጥቶ ነበር። ሆኖም ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊንና ቪየና እየተቀባበሉ ተሰሙ፤ ከሮማ መስመር ስለ ታጣ የዚያ ዘጋቢ ጽሑፍ በቴሌፎን ተነግሮ ከለንደን ተነበበ።

ዛሬ በየምሽቱ «አሁን ወደ እገሌ ከተማ እንሻገራለን» ሲባል የምንሰማው የዜና አቀራረብ የተጀመረው በዚያች እሑድ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው እንዳይናገሩ የከለከላቸው አልነበረም።

በሦስት ሳንሱር ሥር

ጦርነቱ በ1939 ሲጀመር ሚስተር ሻይረር በርሊን ቀሩ። የሚናገሩት ጽሑፍ አስቀድሞ በሦስት መሥሪያ ቤቶች፣ ማለት በፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ቢሮ ይታይ ነበር። በጽሑፍ ያልተፈቀደውን ነገር በድምፃቸው አነሣሥና አጣጣል፣ አሜሪካኖች ብቻ በሚያውቁት የመንደር ቋንቋም ለማስተላለፍ ይሞክሩ ነበር። በእኛ አገር ሰምና ወርቅ የለመደ ሰው ይህ ብልኀት አይጠፋውም። ቆይቶ ግን አሜሪካን አገር የኖሩና ወርቁን የሚያውቁ ሳንሱሮች መጡና ያችም መንገድ ተዘጋች።

ከሥራቸው ሁሉ የታወቀው የጁን 1940ው ነው። ሂትለር የፈረንሳይን ሽንፈት ለማጽደቅ የመረጠው ቦታ፣ በ1918 ጀርመኖች ለተባበሩት መንግሥታት እጃቸውን የሰጡበትን የኮምፒዬኝን ጫካና ያንኑ የባቡር ፉርጎ ነበር። ሚስተር ሻይረር በዚያ ጫካ ቆመው የሂትለርን ፊት በመነጽር እያዩ ማስታወሻ ያዙ። ውሉ መፈረሙንም በርሊን በይፋ ከማስታወቋ በፊት ለአሜሪካ ሕዝብ አሰሙ።

ይሁንና በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የሚናገሩት ነገር ከናዚዎች ማስታወቂያ የማይለይ እየሆነ መምጣቱን ባዩ ጊዜ፣ ዝም ብሎ ደመወዝ መቀበልን አልወደዱም። በዲሴምበር 1940 በርሊንን ለቀቁ። ሲወጡም በየሌሊቱ የጻፉትን የዕለት ማስታወሻ በሻንጣ ውስጥ ደብቀው፣ በላዩ ላይ የሳንሱር ማኅተም ያለባቸውን የራዲዮ ጽሑፎች ጭነውበት ነበር። ፈታሾቹ ማኅተሙን አይተው አሳለፏቸው። ይህ ማስታወሻ በ1941 «የበርሊን ማስታወሻ» በሚል ስም ታትሞ እጅግ ብዙ አንባቢ አገኘ። እንግዲህ እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ሳንሱር የቆረጠው የራዲዮ ቃል ተቆርጦ ቀረ፤ ማታ ማታ በወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ሳይቆረጥ ተረፈ።

የጢም መላጫ ሳሙናው ነጋዴ

በርሊን ውስጥ ያፈኗቸው ወታደሮችና ሹማምንት ነበሩ። በአገራቸው ደግሞ የገጠማቸው ሌላ ዓይነት ኃይል ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሚስተር ሻይረር በየእሑዱ ማታ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ትችት ያሰሙ ነበር። የዚያችን ሩብ ሰዓት ዋጋ የሚከፍለው የጢም መላጫ ሳሙና የሚሠራ ኩባንያ ነበር። በማርች 1947 ኩባንያው ሚስተር ሻይረርን እንደማይፈልግ አስታወቀ፤ ሲ.ቢ.ኤስ.ም ሰዓቷን ለሌላ ተናጋሪ ሰጠ። በዚያን ጊዜ የዜናው ክፍል የበላይ ሆነው ይህን ውሳኔ የተቀበሉት ሌላ ሳይሆኑ የቪየናው ሌሊት ባልንጀራ ሚስተር መሮው ነበሩ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ወገን ቃል መስማት ይገባል። ሚስተር ሻይረር፣ የተወገድሁት የመንግሥቱን የውጭ ፖለቲካ ስለ ተቸሁ ነው አሉ። ኩባንያው ደግሞ፣ ሰውየው እንደ ቀድሞው ተግተው ወሬ መፈለጋቸውን ትተዋል አለ። ምናልባት ከሁለቱም ዘንድ ጥቂት እውነት ይኖር ይሆናል። ዋናው ነገር ግን የሳሙና ነጋዴ ስለ ሳሙናው ብቻ ሳይሆን ሕዝብ ስለ ዓለም ጉዳይ ከማን አፍ እንደሚሰማ ለመወሰን መቻሉ ነው። የሁለቱ ሰዎች ወዳጅነትም በዚያው ተበጠሰ። ሚስተር መሮው በ1965 ከመሞታቸው አስቀድሞ ለመታረቅ ቢፈልጉም የቀድሞው ፍቅር አልተመለሰም።

በ1950 ደግሞ 151 የራዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኪነ ጥበብ ሰዎችን ኮሙኒስት ደጋፊዎች ናቸው ብሎ የሚከስ አንድ መጽሐፍ ታተመ፤ የሚስተር ሻይረርም ስም በውስጡ ነበረ። ምክንያቱ የታሰሩ የፊልም ደራሲዎች ጉዳይ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲታይላቸው በቀረበ ማመልከቻ ላይ መፈረማቸው ነው። ከዚያ ወዲያ በራዲዮ የሚቀጥራቸው ጠፋ። ቤተ ሰባቸውን ያኖሩት በየኮሌጁ እየዞሩ ንግግር በማድረግ ነበር።

ስለ ሚስተር መሮውም ፍርዳችን ቸኩሎ እንዳይሆን አንድ ነገር እንጨምር። እርሳቸው በማርች 1954 በቴሌቪዥን የሴናተር ማካርቲን ሥራ ለሕዝብ በማጋለጣቸው የዘመኑ ጀግና ተባሉ። ይሁን እንጂ ያ የታወቀው ፕሮግራማቸው በ1958 ቆመ። በዚያው ዓመት በቺካጎ ለራዲዮና ለቴሌቪዥን የዜና ኃላፊዎች ባደረጉት ንግግር፣ የማስታወቂያ ገንዘብ ቴሌቪዥንን የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አድርጎ እንዳያስቀረው አጥብቀው አስጠነቀቁ። በ1947 ወዳጃቸውን የመታው በትር ዞሮ እርሳቸውንም ነካቸው ማለት ነው።

1,245 ገጽ

ሚስተር ሻይረር በእነዚያ የችግር ዓመቶች የሠሩት ሥራ ነው ስማቸውን እስከ ዛሬ ያቆየው። የጀርመን መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ቶን የሚመዝን የምስጢር ሰነድ በአሸናፊዎቹ እጅ ገብቶ ነበር። ከጀርመን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተገኘው ብቻ 485 ቶን ነበር። ሚስተር ሻይረር ይህን ሰነድና የኑረምበርግን የፍርድ መዝገብ መርምረው፣ በዓይናቸው ካዩትና በማስታወሻቸው ከጻፉት ጋር አስተያዩት። በበርሊን ሳሉ አንድ ነገር በአደባባይ ሲባል ሰምተው ነበር፤ አሁን ደግሞ በዚያው ቀን በዝግ ቤት ምን እንደ ተባለ አነበቡ።

መጽሐፉ «የሦስተኛው ራይክ አነሣሥና አወዳደቅ» ተብሎ በ1960 ታተመ፤ 1,245 ገጽ ነበረው። እንዲህ የወፈረ መጽሐፍ ማን ይገዛዋል የተባለለት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ አገኘ፤ በ1961ም የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተሸለመ። ከታሪክ ሊቃውንት ወገን የነቀፉትም አልጠፉም። የጀርመንን ሕዝብ ታሪክ ከሉተር እስከ ሂትለር በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ላይ አድርገዋል፤ የሌሎችን ሊቃውንት ጥናትም በሚገባ አልተመለከቱም አሏቸው። ነቀፋው መሠረት አለው ብለን እናምናለን። ነገር ግን ነቃፊዎቹ ሁሉ ሊነፍጓቸው ያልቻሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጸሐፊው በቦታው ተገኝተው ያዩ መሆናቸው ነው።

ከዚያም በኋላ ስለ ፈረንሳይ ውድቀት፣ ስለ ጋንዲና ስለ ራሳቸው ሕይወት ሌሎች መጻሕፍት ጽፈው በ1993 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሰዓታቸው ያስወጣቸው የሳሙና ነጋዴ ዛሬ የሚታወሰው በእርሳቸው ታሪክ ውስጥ ብቻ ነው።

ዛሬስ?

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። በ2025 ይኸው ሲ.ቢ.ኤስ. እንደገና የወሬ ርእስ ሆነ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ፣ ጣቢያው በ2024 ከወይዘሮ ካማላ ሃሪስ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ አጣሞ አቅርቦታል ብለው ከሰው ነበር። ብዙ የሕግ ዐዋቂዎች ክሱ ደካማ ነው ቢሉም፣ የጣቢያው ባለቤት የሆነው ፓራማውንት ኩባንያ በጁላይ 2025 16 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ጊዜ ኩባንያው ከሌላ ኩባንያ ጋር ለመዋሐድ የመንግሥትን ፈቃድ ይጠባበቅ ነበር፤ ፈቃዱም በዚያው ወር ውስጥ ተሰጠ። ሁለቱ ጉዳዮች አይገናኙም ሲል ኩባንያው አስታውቋል። ይሁን እንጂ የፕሮግራሙ ኃላፊ አስቀድመው በኤፕሪል፣ በነጻነት ለመወሰን አልቻልሁም ብለው ሥራቸውን ለቀው ነበር።

ሁለተኛውም ነገር ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። ሚስተር መሮው ከ1961 ጀምሮ በመሩት የአሜሪካ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤት ሥር የነበረው፣ በአማርኛም ከ1982 ጀምሮ ሲናገር የኖረው የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ፣ በማርች 2025 1,300 ያህል ሠራተኞቹ ከሥራ ገለል እንዲሉ ታዘዙ። መንግሥቱ ምክንያት ያደረገው አድልዎና ብክነት አለ በማለት ነው፤ ጉዳዩም ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። በየምሽቱ ያንን ድምፅ ሲጠብቅ የኖረ ያገራችን አድማጭ፣ ከፋዩ ነጋዴም ሆነ መንግሥት፣ ማይክሮፎን ምን ጊዜም የተከራዩት ቤት እንጂ የወረሱት ርስት አለመሆኑን ከዚህ ሊረዳ ይችላል።

ደግሞ ዛሬ ብዙ ወጣቶች በኪሳቸው ባለ ቴሌፎን በዩቱብ እየተናገሩ «እኛ አለቃ የለንም» ይላሉ። እኛ ግን ይህን በሙሉ ልብ አንቀበልም። በተመልካች ብዛት የሚከፈለው ሰው ሳይታወቀው ለብዛቱ ተገዢ ይሆናል። የሳሙናው ነጋዴ በአንድ ደብዳቤ ያሰናብት ነበር፤ የዛሬው ከፋይ ግን ጯኺውን እያበዛ፣ ጭምቱን ደግሞ ማንም ሳያየው በዝምታ ያሰናብታል።

ለዚህ ነገር ከራሳችን ታሪክ ምስክር ብንፈልግ ሩቅ አንሄድም። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ስለ ተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ በራዲዮና በቴሌቪዥን ስንት ሺህ ቃል ተነግሮ ይሆን! ከዚያ ሁሉ ዛሬ በሰው አፍ የቀረው ጥቂት ነው። በማስታወቂያ ሚኒስቴር ያገለግሉ የነበሩት አቶ በዓሉ ግርማ ግን በዚያ ያዩትንና የሰሙትን ይዘው፣ ዋናውን ሰው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አድርገው «ኦሮማይ»ን ጻፉ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲውም ከሥራቸው ተባረሩ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። ዋጋው እጅግ ከባድ ነበር፤ ይህን ማንም አቅልሎ ሊናገረው አይገባም። መጽሐፉ ግን ሰብሳቢዎቹን ሁሉ ዐልፎ እነሆ ከአርባ ዓመት በላይ ይነበባል፤ በ2025ም በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

እንግዲህ በማይክሮፎን ፊት ለሚቀመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የምንለው ይህ ነው። የዕለቱን ወሬ በዕለቱ ተናገሩ፤ ሥራችሁ ነውና። ነገር ግን ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ በተለይም ያልተናገራችሁትን በደብተር ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም አትርሱ። ሁሉም ሚስተር ሻይረርን አይሆንም፤ ሁሉም 1,245 ገጽ አይጽፍም። ዳሩ ግን በዚህ አገር ትልቅ ነገር አይተው፣ በራዲዮ ተናግረው፣ አንድ ገጽ ሳይተዉ ያለፉ ስንቶች እንደ ሆኑ ስናስብ እናዝናለን። ከእነርሱ ጋር የተቀበረውን ነገር ዛሬ ከየትም ልናወጣው አንችልም። ጣቢያው ሰዓቱን መልሶ ሊወስድ ይችላል፤ ደብተሩ ግን የጻፈው ሰውና የልጅ ልጆቹ ነው።